ሲጋራን በቬፕ ልተካ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የጊቤ መንገድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጅማ ነው የምኖረው፤ ከጅማ አዲስ አበባ አይሱዙ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 39 ነው። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ አጨሳለሁ፣ ሌሊት ከነዳሁ ከዚያም ያልፋል። አሁን አሁን ጭነት ሳወርድ ትንፋሽ ያጥረኛል። ለመተው እሞክራለሁ፣ ጥቂት ቀን እቆያለሁ፣ ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ንዴት ይመጣል፣ ተመልሼ እለኩሳለሁ።

የእህቴ ባል ከእንግሊዝ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ የራሱን ሁለት ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ትቶልኝ ሄደ። አንዱ ትንሽ ነው፣ ከላይተር ትንሽ ይረዝማል። ከላይ ተሰክቶ የሚነቀል ፕላስቲክ አለው፤ ሦስት ያልተከፈቱ መቀየሪያዎችም አብረው አሉ። ሌላው ትልቅ ሳጥን መሰል ነገር ነው፤ ስክሪን አለው፣ ሁለት ባትሪ ይገባበታል። ከነሱ ጋር ስድስት ትናንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ አለ። አራቱ ላይ 20 ሚሊግራም፣ ሁለቱ ላይ 10 ሚሊግራም ይላል። ትልቁን ሞከርኩት፤ ጉሮሮዬን አቃጥሎኝ ሳሉ አልቆም አለኝ።

የትኛውን ልያዝ? እንዴት ነው የሚሳበው? ቁጥሩስ ምን ማለት ነው? አንድ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ባለቀለም፣ ሲያልቅ የሚጣለውን ዓይነት አይቻለሁ። ከእሱ ብጀምር ይቀላል እንዴ? የምታውቁ ንገሩኝ።

አዌቱ ዳር

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሕጉን እወቅ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረት፣ ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥን ከልክሏል። ሺሻም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያየኸው ዕቃ በስውር የገባ ነው። ምን እንደተሞላበት ያየው ተቆጣጣሪ የለም። አማችህንም ድጋሚ አምጣልኝ አትበለው፤ ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ ታስገባዋለህ።

ሽታ የለውም ብለህ ካፌ ውስጥ ወይም መኪና ውስጥ ሰው ይዘህ እንዳታወጣውም አደራ።

እኔ ሁለቱንም ጣላቸው ባይ ነኝ። አንዱን ሱስ በሌላ ሱስ መለወጥ አይገባኝም።

ሂርማታ ተወልጄ

አካም ጅርታ ወንድሜ። እኔ የሂርማታ ልጅ ነኝ፣ አሁን ለንደን ነው ያለሁት። ጅማ እያለሁ ጀምሬ ለብዙ ዓመት አጭሻለሁ። የተውኩት እንዳንተ ባለች ትንሽ ቬፕ ነው። አሁን ሁለቱንም አልጠቀምም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

አዌቱ ዳር ስለ ሕጉ ያለው ልክ ነው። ጣለው ባለው ግን አልስማማም። ሰውዬው በቀን ሃያ ሲጋራ ያጨሳል። የሚገድለው የትንባሆው መቃጠል ነው። ሲጋራ ሲነድ ጫፉ 900 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፣ ከነሱ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድም አለ። ቬፕ የሚነድ ነገር የለውም፤ ፈሳሹን አሙቆ ያተናል። ያ ማለት ግን ንጹሕ አየር ነው ማለት አይደለም። መሣሪያው በቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ እጅ ገበያ ላይ ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነው። የሳንባ ካንሰር ደግሞ ብቅ ለማለት ከዚያ የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ለማያጨስ ሰው ምንም የሚጨምርለት የለም። ለአጫሽ ግን፣ ሲጋራውን ሙሉ በሙሉ ካቆመ፣ ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዕቃው። ትልቁን ሳጥን ዝጋውና አስቀምጠው። እሱ ጭሱን በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስቡ ሰዎች የተሠራ ነው። ኃይሉ ብዙ ነው፣ አንዴ ስትስብ የሚያወጣው ትነትም ብዙ ነው። ለዚያ ዓይነት መሣሪያ ሰዎች 3 ወይም 6 ሚሊግራም ፈሳሽ ነው የሚጠቀሙት። አንተ 20ውን ሞልተህበት ከሆነ ማሳልህ አይገርምም።

ትንሿ ፖድ ትባላለች። አንተ ሲጋራ ስትስብ ጭሱን መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ትይዘዋለህ፣ ከዚያ ነው ወደ ውስጥ የምታስገባው። ፖድም እንደዚያው ነው። ለዚህ ነው ለአጫሽ የምትስማማው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ትልቅና ብዙ ጭስ የሚያወጣ የተሻለ ስለሚመስለው ነው። አንተን ግን ከሲጋራ የሚያላቅቅህ ኒኮቲኑ በቂ መሆኑ ነው እንጂ የጭሱ ብዛት አይደለም።

አሞላሉን በደንብ አንብብ። ከላይ የተሰካውን ፕላስቲክ ንቀለው (እሱም ራሱ ፖድ ይባላል)፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ላስቲክ ክፈት፣ ፈሳሹን ቀስ አድርገህ ሙላ፣ ዝጋና አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ውስጡ ጥጥ አለ፣ ጥጡ መጠጣት አለበት። ሳይጠጣ ከሳብክ ደረቅ ጀበና እሳት ላይ እንደመጣድ ነው። ጥጡ ይቃጠላል፣ ፖዱም አለቀ ማለት ነው። የተቃጠለ ጣዕም ከመጣ አትታገለው፣ ቀይረው። አንድ ፖድ አንድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ያገለግልሃል።

ስትስብ እንደ ሲጋራ በኃይል አትጎትት። ቀስ ብለህ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ጠብቅ። ሲጋራ በሰከንዶች ውስጥ ነው አንጎል የሚደርሰው፣ ፖድ ትንሽ ይዘገያል። ጀማሪ ያንን ስለማያውቅ ደጋግሞ ይስብና ራሱን ያዞረዋል። ማቅለሽለሽ፣ ማላብ፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ካየህ ኒኮቲኑ በዝቷል ማለት ነው። አስቀምጠው፣ ውሃ ጠጣ፣ አየር ውሰድ። አፍ መድረቅ ያለ ነው፤ ፈሳሹ እርጥበት ይመጥጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ሳልም ይኖራል።

አንድ ለሹፌር የሚሆን ነገር ልጨምር። ጊቤ በረሃ ወርደህ ወደ ወልቂጤ ስትወጣ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ፖዱ ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን ይገፋዋል። ኪስህ ውስጥ አጋድመህ ከያዝከው ያፈሳል። ቀጥ አድርገህ አቁመው። እየነዳህም አትሳብ፣ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት። ማዞሩ መሪ ላይ ሆነህ ቢመጣብህ ጥሩ አይደለም።

የጊቤ መንገድ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እንደዚህ የገለጸልኝ ሰው የለም። አዎ፣ 20ውን ነው ትልቁ ላይ የሞላሁት። የሱቁ ዕቃ ላይ ደግሞ 5% ይላል። ከ20 ያነሰ ስለመሰለኝ ነበር ያማረኝ። ሌላ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚሳበው?

ሂርማታ ተወልጄ

እሱን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። 5% ማለት በአንድ ሚሊሊትር ፈሳሽ 50 ሚሊግራም ኒኮቲን ማለት ነው። ያንተ 20 ሚሊግራም 2% ነው። እዚህ እንግሊዝ በሕግ የተፈቀደው ከፍተኛው 20 ነው፣ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊሊትር አይበልጥም። ስለዚህ የሱቁ ዕቃ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ እንኳ፣ ካንተ ሁለት ጊዜ ተኩል ይበረታል። የበረታ ሱስ ይዘህ ልትወጣ ትችላለህ። አትንካው።

በቀን ይህን ያህል የሚባል ቁጥር የለም። ሲጋራ ሲያምርህ ትስባለህ፣ ሲያልፍልህ ታስቀምጣለህ። የሚቆጠረው ሲጋራው ነው፣ እሱም ዜሮ መሆን አለበት። ጠዋት ቬፕ፣ ማታ ሲጋራ የሚል ሰው ብዙ አያተርፍም። በ2018 የታተመ ጥናት በቀን አንድ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጨማሪ ስጋት ሃያ ከሚያጨሰው ግማሽ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። ቀነስኩ ማለት ልብን አያድንም።

አዌቱ ዳር

አሜሪካ ውስጥ በቬፕ ሳንባቸው ተቃጥሎ የሞቱትስ? ያንን ለምን አትነግረውም?

ሂርማታ ተወልጄ

ልክ ነህ፣ መነገር አለበት። በ2019 ነው የሆነው። እስከ የካቲት 2020 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ 2,807 ሰው ሆስፒታል ገብቷል፣ 68 ሰው ሞቷል። በአብዛኛው ምክንያቱ ሆኖ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባል ዘይት ነው። የካናቢስ ፈሳሽ ለማወፈር ሻጮች የጨመሩት። አብዛኞቹ ከመንገድ ሻጭና ከጓደኛ የተገዙ ነበሩ። ለዚህ ነው ምንጩ ያልታወቀ ነገር አትሳብ የምለው። በዚህ ላይ አንተና እኔ አንድ ነን።

አዌቱ ዳር

እንደሱ ከሆነ እስማማለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ያለው ፈሳሽ ሲያልቅ ምን ሊያደርግ ነው? እዚህ አገር በሕግ የሚገዛበት ቦታ የለም። ወይ ወደዚያ ሱቅ ይሄዳል፣ ወይ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

መድኃኒት ቤት

አዌቱ ዳር ዋናውን ነገር ነክቶታል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። በሒሳብ እንየው።

ስድስት ጠርሙስ በ10 ሚሊሊትር 60 ሚሊሊትር ነው። በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ የነበረ ሰው በትንሽ ፖድ በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊሊትር ይጨርሳል። ስለዚህ ያለህ ነገር ከሦስት ሳምንት እስከ አንድ ወር ነው። ይሄ መጥፎ ዜና አይደለም። ሲጋራ ሲተው ሰውነት በጣም የሚጮኸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ከሦስትና አራት ሳምንት በኋላ ይረግባል። ያለህ ፈሳሽ ያንን ክፉ ጊዜ ለማሻገር ይበቃል። ግን ማለቂያውን ከዛሬው አስበህ ጀምር። መጀመሪያ 20ውን ተጠቀም። ወደ መጨረሻ ከ10ሩ ጋር እኩል ለእኩል ብትቀላቅለው 15 ይሆንልሃል። ከዚያ ንጹሑን 10።

ጎን ለጎን የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ጠይቅ። ሁለቱም ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ግምገማ ለመተው ከነዚህ ይልቅ ቬፕ በተሻለ እንደሚረዳ አሳይቷል፣ እሱን አልክድም። ግን ቬፑ ሲያልቅብህ የሚይዝህ ነገር ያስፈልጋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሱስ ሕመም ነው፣ እዚያ መሄድ አያሳፍርም። ስለ ትንፋሽህም ሐኪም ያዳምጥህ። ያንን በቬፕ ሸፍነህ አትለፈው።

ማስቲካውን እንደ ተራ ማስቲካ አታኝከው። ትንሽ አኝክ፣ ሲያቃጥልህ አቁምና ጉንጭህና ድድህ መሃል አሳርፈው። ከዚያ በፊት ለ15 ደቂቃ ቡና አትጠጣ፣ ቡናው ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ እንዳይሰርግ ያደርገዋል።

ስለ ቡና ካነሳን፣ ጅማ ውስጥ ይህን የሚናገር ሰው ስለሌለ እዚህ ላይ ልቆይ። የሲጋራ ጭስ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ያነቃቃል። ካፌይንን የሚሰብረው ያ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ አጫሽ ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ያስወግዳል። ይህን የሚያደርገው ከቃጠሎው የሚመጣው ሬንጅ ነው፣ ኒኮቲኑ አይደለም። ወደ ቬፕ ስትዞር ጭሱ ይቀራል፣ ኢንዛይሙም በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የምትጠጣው ቡና ግን ያው ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተህ ማታ ትገለባበጣለህ፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብህ ይመታል፣ ትናደዳለህ። ሰው ይህን ሁሉ ሲጋራ ስለናፈቀው ይመስለዋል፣ ተመልሶም ያጨሳል። ብዙ ጊዜ ግን ካፌይን በዝቶበት ነው። ከመጀመሪያው ቀን ቡናህን በግማሽ ቀንስ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ተወው።

ያው ኢንዛይም አንዳንድ መድኃኒቶችንም ይሰብራል። ለአስም ቴኦፊሊን የሚወስድ፣ ወይም ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ሲጋራ ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

የጊቤ መንገድ

እህቴ፣ የቡናውን ነገር ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ባለፈው ሳቆም እንቅልፍ ያጣሁት ለካ ለዚያ ይሆናል። ጫትስ? ስቅም ነው ሲጋራው የሚበዛው።

መድኃኒት ቤት

ጫቱም ኒኮቲኑም ልብን ያፈጥናሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ። አብረው ሲሆኑ ይብሳል። በዚያ ላይ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ስንቴ እንደሳበ አያውቅም። የሚቻልህ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በርጫ ላይ አትቀመጥ። አንድ ሰው ፊትህ ፓኮ ዘርግቶ እያጨሰ አንተ ፖድ ይዘህ መቀመጥ በጣም ከባድ ነው።

የሰመሮ ልጅ

ሰላም። እኔ 22 ዓመቴ ነው። ሲጋራ አላጨስም። ጓደኞቼ የማንጎ ጣዕም ያለው አላቸው፣ ደስ ይላል። ኒኮቲን የሌለው ወይም ቀለል ያለ የትኛው ነው? ለጨዋታ ያህል ነው።

ሂርማታ ተወልጄ

ታናሽ ወንድሜ፣ ላንተ የሚሆን የለም። ይህን የምልህ ስለምወድህ ነው። እኛ ከእሳት ለመውጣት የያዝነውን ነገር አንተ ሱስ ለመጀመር አትያዘው። ላዩ ላይ ኒኮቲን የለውም ተብሎ ተጽፎ ሲመረመር የተገኘባቸው አሉ። በስውር የገባ ዕቃ ላይ ደግሞ ጽሑፉን የሚያረጋግጥልህ ማንም የለም።

የሰመሮ ልጅ

እሺ ገባኝ። አመሰግናለሁ።

የሁለት ልጆች እናት

አንድ ነገር ብቻ ልበል። ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ካለ ጠርሙሶቹን ቆልፍባቸው። ፍራፍሬ ይሸታሉ፣ ቀለማቸውም ያምራል። ኒኮቲን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፣ ጥቂቱም ይጎዳል። በቆዳም ይገባል። ሲፈስብህ ወዲያው በሳሙና ታጠብ። ልጅ ከቀመሰ ለማስታወክ አትሞክሩ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የተጣለ ፖድም ውስጡ ትራፊ አለው፣ ክፍት ቆሻሻ ላይ አትጣሉት።

ኤሌክትሮኒክስ ጥገና

ባትሪውን ማንም አልነካውም። ትልቁ ሳጥን ውስጥ ያሉት 18650 የሚባሉት ይመስሉኛል። እነዚህን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አትክተት። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ይግላል፣ ይፈነዳል። ሽፋናቸው ከተላጠ ጭራሽ አትጠቀምባቸው። የማትጠቀምበት ከሆነ ከሳጥኑ አውጥተህ ለየብቻ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጥ።

ትንሿን በተራ የስልክ ቻርጀር ቻርጅ አድርግ፣ 5 ቮልት 1 አምፔር የሚለው ይበቃል። ፈጣን ቻርጀር ይቅርብህ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለው ነገር ይታወቃል፣ ስለዚህ ሰክተህ አትተኛ። መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ውስጥ አትተወው። ጊቤ ላይ ቆመህ ምሳ ስትበላ ካቢኑ እንዴት እንደሚግል አንተ ታውቀዋለህ።

የጊቤ መንገድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ትልቁን አልነካውም፣ ባትሪዎቹን አውጥቼ ለየብቻ አስቀምጫለሁ። ሱቁንም ረስቼዋለሁ። ትንሿን በ20ው እጀምራለሁ። ሰኞ ጭነት ስለሌለኝ ሰኞ ነው የምጀምረው። እሁድ ማታ መኪናው ውስጥ ያለውን ፓኮ፣ ላይተሩንም መተርኮሻውንም አወጣለሁ። በዚያው ሳምንት ሕክምና ማዕከሉ ሄጄ ትንፋሼን እታያለሁ፣ ስለ ማስቲካውም እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ቡናውን አንዴ ብቻ ልታፈላልኝ ተስማምታለች። አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ፤ መሃል ላይ ተሸንፌ አንድ ሲጋራ ባጨስስ?

ሂርማታ ተወልጄ

አንድ ካጨስክ አንድ ነው። ፓኮ አትግዛ። በዚያው ሰዓት ፖዱን አውጣና ቀጥል። ደግሞ ለምን እንደተሸነፍክ እየው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወይ የያዝከው ኒኮቲን አንሶሃል፣ ወይ ባትሪው አልቆብሃል፣ ወይ ከሚያጨስ ሰው ጋር ተቀምጠሃል። ሌሊት ከመነሳትህ በፊት ሙሉ ቻርጅ አድርግ፣ አንድ ትርፍ ፖድም ሞልተህ ያዝ።

አዌቱ ዳር

እኔም ከጎንህ ነኝ ወንድሜ። መናኸሪያ አካባቢ ነኝ፣ ማውራት ስትፈልግ እዚህ ጻፍልኝ።

መድኃኒት ቤት

10ሩን ስትጀምር ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓት ይልቅ የቀኑን ቀስ በቀስ ቀንስ፤ የጠዋቱ ነው በጣም የሚከብደው፣ እሱን ለመጨረሻ ተወው። ማስቲካውን ፈሳሹ ሳያልቅ በእጅህ አስገባ። ከሁለት ጠርሙስ በታች ሲቀርህ እዚህ ብቅ በልና እንዴት እንዳለህ ንገረን።